የሚላጠው ወለል፦ በ5 ወሩ የተበላሸ የስሌይት ንጣፍ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት መጣ

የደወሉልኝ አንዲት እናት ነበሩ። ሰላምታው እንዳለቀ በቀጥታ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ወይስ የሠራተኛው?» ወለላቸው ከተነጠፈ ገና 5 ወሩ ነው። ኩሽና ውስጥ ሲራመዱ ድንጋዩ የባዶ ዕቃ ድምፅ ይሰጣል። ካልሲያቸው ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቆ ያገኙታል። በዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ ያለው ደግሞ ነጭ ጉም የለበሰ ይመስላል።

ውሎዬ የወለል ንጣፍ ሥራ ላይ ነው። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ የስሌይት (እንደ ቅጠል የሚነባበር የተፈጥሮ ድንጋይ) ወለል የሚበላሽባቸውን መንገዶች ሁሉንም ማለት ይቻላል እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ስላገኘኋቸው ነው። የሰዎቹንም ሆነ ድንጋዩን የሸጠውን ድርጅት ስም አልጠቅስም።

መነሻው

ሥራው 22 ካሬ ሜትር ነው፤ መግቢያው፣ ኮሪደሩና ኩሽናው። ስሩ የቆየና የደረቀ የኮንክሪት ሶሌታ ነው። የተነጠፈው 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ዝገት መሰል ቀለም የተቀላቀለበት ስሌይት ነው። ገጹ ሳይለሰልስ፣ ከተፈጥሮ እንደተሰነጠቀ የተተወ ነው። እኚህ እናት የመረጡት አንድ ናሙና በእጃቸው ይዘው፣ ቀለሙን ብቻ ወደው ነው። በዚህ አልፈርድባቸውም። ስሌይት እጅ ላይ ሲይዙት በእውነት ያምራል።

ያነጠፈው ሠራተኛ ለብዙ ዓመት ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው ነው። እጁ ጥሩ ነው። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ማዕዘኑ ልክ ነበር። ስሌይት ግን ከዚያ በፊት ነክቶ አያውቅም።

ስለ ድንጋዩ ጥቂት

ስሌይት ድሮ ተማሪዎች የሚጽፉበት ጥቁር ሰሌዳ የሚሠራበት፣ በብዙ አገር የቤት ጣሪያ የሚከደንበት ድንጋይ ነው። መነሻው ጭቃ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ይህ ደለል ምድር ውስጥ ተቀብሮ በግፊትና በሙቀት ሲጨመቅ፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጠፍጣፋ ማዕድናት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ስለዚህ ድንጋዩ በዚያ አቅጣጫ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ፈልጠው የሚያወጡትም በዚሁ ጠባዩ ተጠቅመው ነው።

ቀለሙም ከማዕድኑ ይመጣል። ካርቦን ጥቁርና ግራጫ ያደርገዋል፣ ክሎራይት አረንጓዴ፣ ሄማታይት ቀይና ወይን ጠጅ። አንዳንዱ ፓይራይት የሚባል የሚያብረቀርቅ የብረት ማዕድን በውስጡ አለው። ይህ ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል።

ይህን የጻፍኩት ለጂኦሎጂ ትምህርት አይደለም። ሴራሚክ ውፍረቱ እኩል ነው፣ ፊቱ በመስታወት መሰል ሽፋን ተዘግቷል፣ ጀርባው ንጹህ ነው። ስሌይት ከሦስቱ አንዱም የለውም። በዚህ ቤት የተፈጠረው ችግር ሁሉ ስሌይትን በሴራሚክ ልማድ ከማንጠፍ የመጣ ነው።

ያገኘሁት

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ማንኳኳት ብቻ ነበር። በሳንቲም ጠርዝ እያንዳንዱን ድንጋይ መሃሉንና አራት ጥጉን መታሁ። በደንብ የተያዘ ድንጋይ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ያልተያዘው ያስተጋባል። ባዶ የሆኑትን በጠመኔ ምልክት አደረግኩባቸው። ከ236 ሙሉ ድንጋይ 61ዱ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ከእነሱ 47ቱ ኩሽና ውስጥ ናቸው። 7ቱ ደግሞ ተሰንጥቀዋል።

ከተሰነጠቁት አንዱን አነሳሁት። ስሩ አምስት የማጣበቂያ ጉብታ ነበር፤ አራት በአራቱ ጥግ፣ አንድ መሃል ላይ። የቀረው ባዶ አየር ነው። ወንበር ወይም ከባድ ድስት ያረፈው ጉብታዎቹ መካከል ሲሆን ድንጋዩ ይሰበራል።

ሠራተኛው ይህን ያደረገው ከስንፍና አልነበረም። የ2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሶሌታው ላይ ስዘረጋ ኩሽናው መሃል 9 ሚሊ ሜትር ስርጉድ አገኘሁ። የድንጋዮቹ ውፍረት ደግሞ ከ8 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ስሌይት ጀርባው በማሽን ተስተካክሎ ወይም ሳይስተካከል ይሸጣል። ይህኛው ያልተስተካከለው ነው፤ የነገራቸው ሰው ግን የለም። ስርጉድ መሬት ላይ ውፍረቱ የተዘበራረቀ ድንጋይ እኩል ለማድረግ ፈጣኑ መንገድ ጉብታ ነው። ሰውየው በዓይን የሚታየውን ችግር ፈታ፤ የማይታየውን ፈጠረ።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ካነሳሁት ድንጋይ ጀርባ ላይ ማጣበቂያ አልነበረም። ማጣበቂያው ሶሌታው ላይ ቀርቷል፤ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳች የስሌይት ቅጠል ተለጥፋለች። በጥፍሬ ስነካት ተፈረፈረች። ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የያዘው ግን ሊላጥ የደረሰውን የላላ ንብርብር ነበር። ጀርባው ሳይቦረሽና ሳይታጠብ፣ በአቧራና በልቅ ቅርፊት ላይ ስለተለጠፈ፣ ዋናው ድንጋይ ከራሱ ቆዳ ተላቀቀ።

ነጩ ጉም ከሁለት ነገር የመጣ ነበር። አንደኛው ግራውት ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው መስመር የሚሞላበት የሲሚንቶ ድብልቅ። ድንጋዩ ሲለር (ፈሳሽ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ የሚከላከል ቅብ) ሳይቀባ ግራውት ስለተሞላ የሲሚንቶው ዱቄት በገጹ ስንጥቆችና ጉድጓዶች ገብቶ ደርቋል። ሁለተኛው ቫርኒሽ ነው። ግራውቱ በገባ ማግስት ወለሉ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ከላይ ፊልም (ስስ ሽፋን) የሚሠራ ቅብ ተቀባ። ከግራውቱና ከማጣበቂያው ገና ያልወጣው እርጥበት ከስር ታፈነ። ቅቡ ነጣ፣ ከዚያ በማጠቢያው ዙሪያ መላጥ ጀመረ። ካልሲ ላይ ከሚገኘው ቅርፊት የተወሰነው ድንጋይ ሳይሆን ይኸው ቫርኒሽ ነበር።

እርጥበቱ ከመሬት የመጣ እንዳይሆን ሰግቼ ድንጋይ በተነሳበት ቦታ ላስቲክ ዘርግቼ ጠርዙን በፕላስተር አሽጌ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ላብ የለውም፣ ሲሚንቶውም አልጠቆረም። ያ ስጋት ተወገደ።

ድንጋዩን መፈተሽ

ከመጀመሪያው ግዢ 16 ድንጋይ ተርፎ ነበር። 4ቱን ለሙከራ ወሰድኩ። ይህ ሙከራ ከመግዛት በፊት ቢደረግ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ቤት ውስጥ ማንም ሊሠራው ስለሚችል ዘርዝሬ እጽፈዋለሁ።

አንድ ጠብታ ውሃ ገጹ ላይ አድርጌ ሰዓት ያዝኩ። ግራጫው ላይ ጠብታው ከ10 ደቂቃ በኋላም ቆሞ ነበር። ዝገት መሰሉ ላይ ከ1 ደቂቃ በታች ጠፋ፣ ቦታውም ጠቆረ። ከዚያ ደረቅ ድንጋዮቹን በኩሽና ሚዛን መዝኜ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ፊታቸውን አደራርቄ እንደገና መዘንኩ። ግራጫው ከ2,480 ወደ 2,488 ግራም ወጣ፤ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ዝገት መሰሉ ከ2,310 ወደ 2,345 ደረሰ፤ 1.5 በመቶ። አስቲኤም ሲ629 የተባለው የአሜሪካ የስሌይት ደረጃ ለቤት ውስጥ የሚፈቅደው ከፍተኛ የውሃ መምጠጥ 0.45 በመቶ፣ ለውጭ 0.25 በመቶ ነው። የእኔ ሚዛን ላቦራቶሪ አይደለም። ልዩነቱ ግን አምስት እጥፍ ስለሆነ ሚዛን ማጥራት አያስፈልገውም። በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ስም፣ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ተሸጧል።

ሦስተኛው ኮምጣጤ ነው። በአንዱ ድንጋይ ላይ ጠብታው ትናንሽ አረፋ አወጣ። ይህ ካልሳይት የሚባል የኖራ ድንጋይ ማዕድን እንዳለው ያሳያል። እንዲህ ያለው ድንጋይ አሲድ ሲነካው ይበላል።

የወሰድናቸው እርምጃዎችና ያልሠሩት

መጀመሪያ ያልተሳካውን ልንገራችሁ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነጩን ጉም ለማስለቀቅ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ ነበር። ሴራሚክ ላይ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እዚህ ግን ፓይራይት ያለባቸው 6 ድንጋዮች ከማግስቱ ጀምሮ ብርቱካናማ የዝገት እንባ አወጡ። የግራውቱም ፊት ተበላ። እኔም ለስለስ ያለ አሲድ በትርፍ ድንጋይ ላይ ሞከርኩ። ያም ዝገት ስቦ አወጣ። ከዚያ በኋላ አሲድ የሚባል ነገር ወደዚህ ቤት እንዳይገባ ተስማማን።

ቫርኒሹን በማስለቀቂያ ሦስት ዙር አነሳነው። መስኮት ከፍተን፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝን፣ በናይለን ብሩሽ ነው የሠራነው። የሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን ይጭረዋል፤ የሚቀረው የብረት ብናኝም ራሱ ይዝጋል። የግራውቱን ጉም ደግሞ በለብታ ውሃና አሲድም አልካላይም ባልሆነ ሳሙና፣ ጉድጓዶቹን በሾለ እንጨት እየጫርን አወጣነው። አድካሚ ነው። ሁለት ሦስተኛው ወጣ። ጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ቀረ።

ትልቁ ክርክር ስንት ድንጋይ እናንሳ የሚለው ነበር። እሳቸው ባዶ ድምፅ የሚሰጡት ብቻ ይነሱ አሉ። ወጪ ነውና ገባኝ። እኔ ግን ኩሽናው በሙሉ ይነሳ አልኩ። «እማማ፣ አንዱን ስናነሳ የጎረቤቱን ጠርዝ እንሰብራለን። ስርጉዱም እዚያው ይቀራል።» ሁለት ቀን አሰቡበትና ተስማሙ። ኮሪደሩ እንዲቆይ ተወሰነ።

በኮሪደሩ ካሉት 14 ባዶ ድንጋዮች 7ቱ ጥጋቸው ብቻ ስለነበር ተውናቸው። በሌሎቹ 7 ላይ በግራውቱ መስመር ቀዳዳ በስተን ኤፖክሲ የሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ በመርፌ አስገባን። 4ቱ ያዙ። 3ቱ ከሳምንት በኋላ እንደገና አስተጋቡ፣ ተነስተውም ተነጠፉ። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። ኤፖክሲው ባዶውን ቦታ ሞላ እንጂ የላላውን ንብርብር ከድንጋዩ ጋር አላጣበቀም። ከዚህ በኋላ ስሌይት ላይ መርፌን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አልወስደውም።

ኩሽናውን ስናነሳ ከ104 ድንጋይ 31 ተሰበረ። ቀድመው ከተሰነጠቁት 7 እና ከዛጉት 6 ጋር 44 ጎደለን። የተረፉት 12 ስለነበሩ 40 አዲስ አስገዛን። አዲሶቹ ይበልጥ አረንጓዴ ነበሩ። ሁሉንም ከአሮጌዎቹ ጋር ደባልቀን በደረቁ መሬት ላይ ዘረጋናቸውና እሳቸው ቆመው እያዩ ቦታ አቀያየርን። ይህ ግማሽ ቀን ፈጀ። አዲሶቹ በአንድ ጥግ ቢቀመጡ ኖሮ ጥገና መሆኑ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

ድጋሚ ንጣፉ

ስርጉዱን ራሱን በሚያስተካክል ሲሚንቶ ሞላነው። ቀጥሎ ድንጋዮቹን በውፍረት ለየናቸው፤ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች፣ ከ10 እስከ 12፣ ከ12 በላይ። ንጣፉ በወፍራሞቹ ተጀመረ፣ የወለሉ ከፍታ በእነሱ ተወሰነ። ስሱ ድንጋይ ከስሩ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይቀበላል። ወፍራሙን ግን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

የእያንዳንዱን ጀርባ በጠንካራ ብሩሽ ልቅ ቅርፊቱ እስኪያልቅ ፈግፍገን አጠብንና አደረቅን። ከመለጠፉ በፊት ስስ ማጣበቂያ በማንኪያው (የማጣበቂያ መቀቢያ መሣሪያው) ለስላሳ ጎን ጀርባው ላይ ተጭኖ ይቀባል። ወለሉ ላይ ደግሞ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ጥርስ ማንኪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እናበጥራለን። መስመሩ ክብ ከሆነ አየር መውጫ ያጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድንጋዮች ለጥፈን ወዲያው አነሳናቸው። ማጣበቂያ የነካው የጀርባቸው ክፍል 70 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ለተፈጥሮ ድንጋይ የሚፈለገው 95 በመቶ ነው። ረዳቴ ድንጋዩን በጎማ መዶሻ ብቻ እየመታ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የማበጠሪያውን መስመር በሚያቋርጥ አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ፣ መስመሮቹ እንዲተኙ ማድረግ ጀመረ። ከአሥር አንዱን እያነሳን ቀጠልን። ይህን ማንሳት ጊዜ ማባከን የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልደራደርም። ከድንጋዩ ስር ያለውን የሚያሳይ ሌላ መንገድ የለም።

የሚቆረጠው በውሃ በሚሠራ የአልማዝ ዲስክ ነው። ረዳቴ አንድ ጠርዝ በደረቅ ግራይንደር ሊቆርጥ ሲል አስቆምኩት። የስሌይት አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሳንባ ውስጥ ከገባ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው አይድንም። ውሃ ይፍሰስ፣ ማስክም ይደረግ። ወጣት ሠራተኞች እባካችሁ ይህን አትለፉት።

በድንጋዮቹ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ተውን። ጠርዙ ያልተስተካከለ ድንጋይ ጠባብ መስመር አይቀበልም። በግድግዳው ዙሪያ፣ ዞኮሎው የሚሸፍነውን ክፍተት ግራውት አልሞላንበትም። ወለሉ ሲሰፋ መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

ማጣበቂያው ካደረ በኋላ፣ ከግራውት በፊት፣ የመጀመሪያውን ሲለር ቀባን። ከላይ ፊልም የሚሠራ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዓይነት ነው። ሥራው ግራውቱ ገጹን እንዳይዝ መከላከል ነው። እዚህም አንድ ስህተት ሠራን። የመጀመሪያውን ግራውት 3 ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ጊዜ አሰራጨንና መጥረግ ስንጀምር ጉድጓዶቹ ውስጥ መድረቅ ጀምሮ ነበር። በእንጨት አወጣነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ካሬ ሜትር እየሞላን፣ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ እየጠረግን፣ የባልዲውን ውሃ ቶሎ ቶሎ እየቀየርን ሄድን።

ግራውቱ እንዲደርቅ 7 ቀን ጠበቅን። እሳቸው በ3ኛው ቀን «አልደረቀም እንዴ ልጄ?» ብለው ነበር። ያለፈው ቫርኒሽ የታፈነው በዚህ ችኮላ መሆኑን ነግሬያቸው ታገሱ። ከዚያ የድንጋዩን ቀለም የሚያደምቅ ሰራጊ ሲለር ሁለት ጊዜ ቀብተን ያልሰረገውን በጨርቅ ጠረግን። በኮሪደሩ የቀረው የግራውት ጉም በዚህ ደበዘዘ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ከአንድ ዓመት በኋላ

በዓመቱ ሄጄ እንደገና አንኳኳሁ። ኩሽና ውስጥ ባዶ ድምፅ የሰጠ የለም። ኮሪደሩ ላይ ጥጋቸው ብቻ ከነበሩት 7 አንዱ ወደ መሃል ተስፋፍቷል። አልተሰበረም፤ ግን የሚሰበርበት ቀን ይመጣል። ኩሽናውን ስናነሳ ኮሪደሩንም አብረን ብናነሳ ይሻል እንደነበር አሁን አምናለሁ።

ቅርፊት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ትንሽ ይወጣ ነበር፣ ከዚያ ቆመ። ይህ ለተፈጥሮ ገጽ ስሌይት የተለመደ ነው። አደገኛው ገጹ በሰፊው ሲነሳ ወይም ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ሲከፈት ነው። በማጠቢያው ዙሪያ የውሃ ጠብታ በጥቂት ደቂቃ መስረግ ጀምሯል። እዚያ ቦታ ብቻ ሲለሩን አደስነው። ሌላው ገና ይቋቋማል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

ድንጋይ ስትመርጡ አንድ ናሙና አይበቃም። ከተለያዩ ሳጥኖች አምስት ስድስት አውጡና ውፍረታቸውን ለኩ፣ ጠብታ አድርጉባቸው። ጀርባው የተስተካከለ መሆኑን ጠይቁ። ካልተስተካከለ ሠራተኛው ከመዋዋሉ በፊት ይወቅ፤ ጊዜውም ማጣበቂያውም ይጨምራል። ወለሉ በእንጨት ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። ለሴራሚክ የበቃ የእንጨት ወለል ለተፈጥሮ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይረግባል።

ለሠራተኛ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ጀርባ ማጠብ፣ መቀባት፣ መለጠፍ፣ ሲለር፣ ግራውት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ሲለር። ሴራሚክ ላይ ከእነዚህ ግማሹን መዝለል ይቻላል። እኚያ እናት የጠየቁኝ ጥያቄም መልሱ እዚህ ጋ ነው። ድንጋዩም ሰውየውም ለየብቻቸው ክፉ አልነበሩም። ሻጩ ስለ ድንጋዩ ያልተናገረውን ሠራተኛውም አልጠየቀም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሠራተኛው በኋላ መጥቶ የተነሳውን ድንጋይ ጀርባ አሳየሁት፤ ያቺን ስስ ቅጠል በጣቱ እየነካ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ስትገዙ ከልኩ ቢያንስ 15 በመቶ ጨምሩ። የተረፈውን አትጣሉት። በዚህ ቤት ለኮሪደሩ ካዋልነው የተረፉት 6 ድንጋዮች ናቸው። የተገዙበትን ቀንና ውፍረታቸውን ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ጻፍኩና እሳቸው በጆንያ ጠቅልለው ደረቅ ቦታ አቁመው አስቀመጧቸው። የኮሪደሩ ድንጋይ ሲሰበር ከእነዚህ አንዱ ይገባል።